ለጀማሪ የሚመረጠው ተራራ የትኛው ነው?

የካዛንቺስ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ሂማሊያን በእግሩ ለመጓዝ ቆርጧል። አባቱ «መክረህ አስቀርልኝ» አሉኝ። አላስቀረሁትም፤ ቅደም ተከተሉን ግን አስተካከልኩለት።

በኔፓል በኩል የኤቨረስት ተጓዦች የሚሰፍሩበት ቦታ 5,364 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መጀመሪያ እንጦጦ ይውጣ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ቢሆንም ማታ ቤቱ ይገባል። ቀጥሎ ባሌ ይሂድ፤ ዲንሾ አድሮ ቀስ በቀስ ወደ ሳነቲ ይውጣ። እዚያ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው።

ወጣቶች ሆይ! ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ የማደሪያችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ መውጣት አቁሙ፤ ከባሰባችሁ ውረዱ። እኔ በሃያ ዓመቴ አፍሬ ሕመሜን ደበቅሁ፤ ጓደኞቼ ተሸክመው አወረዱኝ።

ለጀማሪ የሚበጀው ተራራ «እንመለስ» ለማለት የማያሳፍረው ነው።