ቤታችንን ሊያቃጥል የነበረው አሮጌ የፊውዝ ጣውላ

በቤታችን ግድግዳ ላይ፥ ከቆጣሪው በታች፥ አንድ አሮጌ ጣውላ ነበር። በላዩም ከነጭ ሸክላ የተሠሩ ሁለት ፊውዞችና አንድ ዋና ማጥፊያ ተሰክተውበታል። ቤቱ አያቴ በ1955 ዓ.ም. ያሠሩት የጭቃ ቤት ሲሆን፥ ጣውላውም በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦም የቤቱ እኩያ ናቸው። ውድ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጣውላ ነው፤ ምክንያቱም ባለፈው ዓመት በገዛ እጄ ቤቱን ላቃጥለው ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ቤቱ ሲሠራ ኤሌክትሪክ የተፈለገው ለአምፑልና ለራዲዮ ብቻ ነበር። ባለ 60 ዋት አምፑል በ220 ቮልት ሲበራ የሚወስደው ኤሌክትሪክ የአንድ አምፔር ሲሶ እንኳ አይሞላም። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህን ለ220 ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይሆናል። ይኸውም 60 የሚያህሉ አምፑሎችን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው።

ማንኛውም ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል። ሙቀቱም ከአምፔሩ ጋር እኩል አይራመድም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 4 እጥፍ፥ አምፔሩ 3 እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ 9 እጥፍ ይሆናል። የፊዚክስ መምህራችን ይህን በሰሌዳ ላይ ሲጽፉልን እኔ የያዝሁት ለፈተና ብቻ ነበር። ፊውዝ እንግዲህ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ሽቦ ነው። በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ከመጋሉ በፊት እርሱ ቀልጦ መንገዱን ይቆርጣል። ሥራው መቃጠል ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ቅዳሜ ማታ አያቴ እንጀራ ሲጋግሩ እኔ ደግሞ ሻይ ለማፍላት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰካሁ፤ ወዲያው ፊውዙ ተቃጠለ። ክሩን ቀየርሁት፤ እንደ ገና ተቃጠለ። በሦስተኛው ጊዜ ተናደድሁና ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ መለስሁት። መብራቱ መጣ። አያቴም «ተባረክ፤ ትምህርትህ ይኸው ለቤት ደረሰ» ብለው መረቁኝ።

ለሦስት ሳምንት መብራት አልጠፋብንም። በአንድ ምሽት ግን አያቴ ከጓዳ ሆነው «አንተ ልጅ፥ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል» አሉኝ። ሄጄ ግድግዳውን በእጄ ብነካው እንደ አክንባሎ ይፋጃል። ዋናውን ማጥፊያ አወረድሁና ያን ሌሊት በሻማ አደርን። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆኑ አንድ ጎረቤታችን መጥተው ልስኑን ሲያፈርሱት፥ የሽቦው ልባስ ከስሎ፥ አጠገቡ ያለው የባሕር ዛፍ ማገር ጠቁሮ ተገኘ። ከማገሩ በላይ ያለው የጨርቅ ኮርኒስ ነው። እሳቸውም የጠመጠምሁትን ሽቦ ፈትተው በመዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ትክክለኛው የፊውዝ ክር ውፍረቱ 0.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ከ15 እስከ 20 አምፔር ባለው መካከል ይቀልጣል። የእኔው ግን 80 አምፔር እስኪያልፍበት ድረስ ይታገሣል። ስለዚህ ቀድሞ የሚቃጠለው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ ግድግዳው ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ያስፈራኝ ግን ጎረቤታችን በጣውላው ጀርባ ያሳዩኝ የላላ ብሎን ነው። ብሎን በዘመናት ብዛት ሲላላና ሲዝግ ሽቦውን በደንብ ስለማይጨብጠው፥ በዚያች ጠባብ ቦታ ብቻ ሙቀት ይከማቻል። አምፔሩ ስላልጨመረ ይህን ጉዳት ፊውዝ አያውቀውም። ምጣዱ ሲሰካ አምፑሉ ሁልጊዜ የሚደክም ከሆነ፥ ወይም ከሣጥኑ የጥዝታ ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም የሶኬቱ ፊት ቡናማ ከሆነ፥ ይህን መጠርጠር ይገባል። ብሎኑን ማጥበቅ ግን የሠራተኛ እንጂ የተማሪ ሥራ አይደለም፤ ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው።

ሌላው ጉድለት የመሬት ሽቦ አለመኖሩ ነው። ፊውዝ ለሽቦ ይጠነቀቃል እንጂ ለሰው አይጠነቀቅም። 10 አምፔር የሚችል ፊውዝ ዝም ብሎ ሳለ፥ የዚያ አንድ መቶኛ የማይሞላ ኤሌክትሪክ በሰው ልብ በኩል ቢያልፍ ሊገድል ይችላል።

በእ.ኤ.አ. 1924 ሁጎ ስቶትስ የተባለ ጀርመናዊ ለቤት የሚሆን አነስተኛ ብሬከር ሠርቶ ነበር። ብሬከር ክር የለውም፤ አምፔር ሲበዛበት ራሱ ይወርዳል፥ በጣትም ይመለሳል። እኔም ጣውላው ወርዶ ብሬከር ቢገባ ይበቃል ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። ጎረቤታችን ሣቁ። በአሮጌ ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠም የእኔኑ ወፍራም ሽቦ በሱቅ ዋጋ መግዛት ነው አሉ። ስለዚህ የከሰለው ሽቦ ሁሉ ወጣ፤ ለምጣዱ ብቻ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ተዘረጋለት፤ የመሬት ሽቦ ተቀበረ፤ ከ1 አምፔር ሺህ እጅ 30ው እንኳ ቢያፈስ የሚቆርጥ መከላከያም ተጨመረ። አባቴ ለዚህ ሁሉ ለበዓል በግ ያስቀመጡትን ገንዘብ አወጡ፤ ያን በዓል በዶሮ አሳለፍን።

አያቴ ግን አዲሱን ሣጥን ገና አልወደዱትም። በየጊዜው ሲወርድ «ይህስ ከፊተኛው ይባስ ሰነፍ ነው» ይላሉ። እኔም ምድጃውን ነቅዬ ብሬከሩን እመልሰዋለሁ።