ሁለት ሲገቡ ሁለት በደጅ

በገጠር አንድ ጎጆ እሳት የያዘው እንደ ሆነ የሚደረገውን ያየ ሰው አይረሳውም። እሪታው ሲሰማ ከየአቅጣጫው ሰው ይጎርፋል። አንዱ እንስራ ተሸክሞ፣ ሌላው እርጥብ ቅጠል ይዞ፣ ጎልማሳው ከጣራ ላይ ወጥቶ ሣሩን እየመነጨቀ፣ ሴቶቹ ሕፃናቱን እያወጡ፣ ሽማግሌው ከብቱን ከበረት እየለቀቀ ይረባረባሉ። ሥራው ብዙ ነው፤ ሠራተኛውም ብዙ ነው። በከተማ ግን ይህ ሁሉ ሥራ ለጥቂት ሰዎች በአደራ ተሰጥቷል። ቀይዋ መኪና እየጮኸች ስታልፍ ሁላችንም መንገድ እንለቃለን፤ በውስጧ ስንት ሰው እንደ ተቀመጠ የምንቈጥር ግን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ቍጥር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ አሜሪካ እንሻገር። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ በአዮዋ ግዛት፣ ኪዮከክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ታኅሣሥ 12 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ዲሴምበር 22 ቀን 1999፣ የፈረንጆች የልደት በዓል ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአንድ መኖሪያ ቤት እሳት ተነሣ። ሕፃናት በውስጥ መቅረታቸውም ተነገረ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ እንደ ደረሱ ጢሱን ጥሰው ገቡ፤ ሕፃናቱን በመፈለግ ላይ ሳሉ እሳቱ በድንገት ተስፋፍቶ ያዛቸው። በዚያች ጧት ሦስት ሕፃናትና ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ከሠራተኞቹም አንዱ የተረኞቹ አለቃ ነበር። አደጋውን የመረመረው የመንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ፣ አደጋ በተነገረ ጊዜ ወዲያው የሚደርስ በቂ የሰው ኀይል ይኑር የሚል ነው።

በቂ ማለት ስንት ነው? ይህን ለመመለስ ሥራውን መዘርዘር ያስፈልጋል። ቤት ሲቃጠል አንድ ሰው የውሃውን ግፊት ለመቈጣጠር ከመኪናው አይለይም። አንዱ የቤቱን ዙሪያ ተመልክቶ ያዝዛል። ውሃ የሞላው ጎማ እጅግ ከባድ ስለ ሆነ በየማእዘኑና በየደረጃው እየጎተተ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ከአንድ ሰው በላይ ይሻል። መሰላል የሚያቆም፣ መስኮት ከፍቶ ጢሱን የሚያስወጣ፣ መብራቱን የሚያቋርጥ፣ በየክፍሉ እየዳሰሰ ሰው የሚፈልግም ያስፈልጋል። ሰው ያነሰ እንደ ሆነ ይህ ሁሉ በተራ ይሠራል፤ እሳት ግን ተራ አይጠብቅም።

ከዚህም በላይ የዛሬ ቤት የጥንቱ ቤት አይደለም። የጥንቱ ወንበርና አልጋ ከእንጨት፣ ከጥጥና ከሱፍ የተሠራ ነበር፤ የዛሬው ሶፋ ግን ስፖንጅና ፕላስቲክ የበዛበት ነው። በአሜሪካ በቤተ ሙከራ ሁለት የሳሎን ክፍሎች አንዱ በጥንቱ፣ ሌላው በዘመኑ ዕቃ ተሞልተው እሳት ተለኰሰባቸው። የዘመኑ ዕቃ ያለበት ክፍል 4 ደቂቃ ሳይሞላ ከወለል እስከ ጣራ በአንድ ጊዜ ነበልባል ሆነ፤ የጥንቱ ግን ለዚህ እስኪደርስ ከ29 ደቂቃ በላይ ፈጅቶበታል። እንግዲህ የእሳት አደጋ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ወደ ቤቱ የሚደርሰው እሳቱ በበረታበት ሰዓት ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ቍጥሩን በሰዓት ለክቶታል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ ለሙከራ በተሠራ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት፣ በየመኪናው 2፣ 3፣ 4 እና 5 ሰው እየተመደበ 22 ዐይነት ሥራ እንዲፈጽሙ ተደረገ። ባለ 4 ሰዎቹ ጓዶች ሥራውን ሁሉ ከባለ 2 ሰዎቹ 7 ደቂቃ ያህል፣ ከባለ 3 ሰዎቹ ደግሞ 5 ደቂቃ ያህል ቀድመው ጨረሱ። በቢሮ ሰባት ደቂቃ አንድ ሲኒ ሻይ የሚጠጣባት ጊዜ ናት፤ በጢስ ውስጥ ለተኛ ሕፃን ግን ሕይወትና ሞት የሚለዩባት ናት።

ስለ ሠራተኛው ስለ ራሱ ደኅንነትም ሕግ ተደንግጓል። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ወደሚቃጠል ቤት ሁለት ሰዎች አብረው ይግቡ፤ በዐይን ወይም በድምፅም አይለያዩ፤ እነርሱን የሚያድኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎችም በደጅ ተዘጋጅተው ይቁሙ ይላል። ነገር ግን ሰዎቹ እስኪሟሉ ድረስ በውስጥ ያለውን ሰው ከማዳን ደንቡ አይከለክልም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ልጄ ውስጥ አለ እያለች የምትጮኽን እናት ቆማችሁ ጠብቁ የሚል ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሠራተኛው ይገባል። ሰው ባነሰ ጊዜ የጎደለውን ቍጥር በነፍሱ የሚሞላው እርሱ ነው።

አደጋውም ነበልባሉ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በሥራ ላይ ከሚሞቱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ሙቀቱ፣ የትጥቁ ክብደትና የድካሙ ብርታት ልብን ያስጨንቃል። ጢሱም ከአካል ላይ መርዙን ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን ሙያ ነቀርሳ ከሚያስከትሉት የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ሸክሙን የሚካፈል ጓደኛ መጨመር ድካሙን ያቀልለዋል።

የበጀት ሰዎች ክርክር እንዳላቸው እናውቃለን። እሳት በየቀኑ አይነሣም፤ በጣቢያው ተቀምጠው ለሚውሉ ሰዎች ደመወዝ መክፈል ብክነት ነው ይላሉ። አራተኛ ሰው መቅጠር ገንዘብ መጠየቁም እውነት ነው። በአሜሪካም ቢሆን ከእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሚበዙት ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች የሆኑት ትንንሽ ከተሞች አቅም ስለሚያንሳቸው ነው። ይሁን እንጂ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ሥራ እንደ ፈታ የሚቈጠረው እሪታው እስኪሰማ ድረስ ብቻ ነው። ዘበኛ ሌባ ያልመጣበትን ሌሊት በከንቱ ጠበቀ አይባልም።

ዛሬ በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ በየመሥሪያ ቤቱም ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ነገ የሰው ኀይል መዝገብ በፊታችሁ ይቀርባል፤ እስክርቢቶውም በእጃችሁ ይሆናል። ከመዝገቡ አንድ ስም ለመሰረዝ ስታስቡ፣ ያ ስም በደጅ ቆሞ ጓደኛውን የሚጠብቀው ሰው ሊሆን እንደሚችል አስታውሱ። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህ ነው። በእሳት ፊት ግን ሸክሙ የከበደበት ሰው ሎሚውን አውርዶ ማረፍ አይችልም።