የነጥብ ሰንጠረዥ ምን ያህል እውነት ይናገራል?

መለካት የሳይንስ ሁሉ መነሻ ነው። ክብደትን በሚዛን፣ ሙቀትን በቴርሞሜትር፣ ጊዜን በሰዓት እንለካለን። የአንድን የእግር ኳስ ቡድን ጥንካሬስ በምን እንለካለን? ይህን ጥያቄ ከግራና እስከ መርሳ፣ ከመርሳ እስከ ወልድያ ለሚገኝ የኳስ አፍቃሪ ብናቀርብለት ያለ ማመንታት «በነጥብ ሰንጠረዥ ነዋ!» ብሎ ይመልስልናል። መልሱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ እንደ ማንኛውም መለኪያ ሁሉ የነጥብ ሰንጠረዥም የራሱ የስህተት መጠን አለው። በዚህ ጽሑፍ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነና ከየት እንደሚመነጭ በቀላል ሒሳብ እንመለከታለን።

ሦስት ጊዜ የተመዘነ ቡድን

ለምሳሌነት የምንወስደው የሰሜን ወሎውን የወልድያ ቡድን ነው። ወልድያ በ2007 ዓ.ም. 14 ቡድኖች በተሳተፉበት ፕሪሚየር ሊግ ተወዳድሮ የመጨረሻውን ደረጃ በመያዝ ወረደ። በ2008 ዓ.ም. ከታችኛው እርከን ታግሎ ተመለሰ። 16 ቡድኖች በነበሩበት የ2009 ዓ.ም. ውድድር በሊጉ መቆየት ቻለ፤ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሑሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም በከተማዋ የተመረቀውም በዚያው ዓመት በጥር ወር ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግን ቡድኑ እንደገና ወረደ።

በዚሁ በ2010 ዓ.ም. ከታችኛው እርከን ገና ማደጉ የነበረው ጅማ አባ ጅፋር፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ብቻ በመብለጥ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለቱም ቡድኖች 30 ጨዋታ አድርገው ሚዛኑ ሊለያቸው አልቻለም ማለት ነው። ታዲያ «ሻምፒዮን» እና «ወራጅ» የሚሉት ቃላት የሚናገሩት ስለ ችሎታ ብቻ ነው? ወይስ ዕድልም ድርሻ አለው? ካለውስ ምን ያህል?

የአንድ ጨዋታ ዕድል

በእግር ኳስ ግብ ብርቅ ነው። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሁለት ወይም ሦስት ግብ ይቆጠራል። እንዲህ አልፎ አልፎ የሚከሠቱና ጊዜያቸው አስቀድሞ የማይታወቅ ድርጊቶችን የሚገልጸውን ቀመር ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሲሜዮን ዴኒ ፑዋሶን እ.ኤ.አ. በ1837 አሳትሟል። የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ቀመር የሚያውቁት የራዲዮአክቲቭ ጨረርን ሲቆጥሩ ነው፤ ለግብ ቆጠራም በሚገባ ይሠራል።

ሁለት ቡድኖች ይጋጠሙ እንበል። ጠንካራው በአማካይ 1.5 ግብ፣ ደካማው ደግሞ 1 ግብ የማግባት ዐቅም አላቸው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አንዱ ከሌላው በ50 በመቶ ይበልጣል። ቀመሩን ተጠቅመን ስናሰላ ግን ጠንካራው የሚያሸንፍበት ዕድል 49 በመቶ፣ አቻ የሚወጡበት 26 በመቶ፣ ደካማው የሚያሸንፍበት ደግሞ 25 በመቶ ሆኖ እናገኘዋለን። በሌላ አነጋገር፣ ዳኛው ሳያደላ፣ አሠልጣኙም ሳይሳሳት፣ የተሻለው ቡድን ከአራት ጨዋታ በአንዱ ይሸነፋል። ከሽንፈት ሁሉ ጀርባ ጥፋተኛ መፈለግ የለመደ ደጋፊ ይህን ቁጥር ቢያስታውሰው መልካም ነው።

ሠላሳ ጨዋታ ይበቃልን?

ጨዋታ ሲበዛ ዕድሉ ይጣፋል የሚል ሐሳብ ይነሣ ይሆናል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ጥያቄው የሚጣፋው በምን ፍጥነት ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት አንባቢያን በክፍላችሁ ልትሠሩት የምትችሉትን ሙከራ እናቅርብ።

አሥራ ስድስት ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሳንቲም ይያዙ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቡድን ነው። ሦስቱንም ሳንቲሞች በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወርውር። በትክክል ሁለት ዘውድ ከወጣ ድል ነው፤ 3 ነጥብ ይመዝገብለት። አንድ ዘውድ ብቻ ከወጣ ሽንፈት ነው። ሦስቱም ዘውድ ወይም ሦስቱም ጎፈር ከሆኑ አቻ ነው፤ 1 ነጥብ ያገኛል። ሠላሳ ጊዜ ከወረወሩ በኋላ ውጤቱን በሰንጠረዥ ያስቀምጡ።

ከስምንቱ እኩል ዕድል ካላቸው ውጤቶች ሦስቱ ድል፣ ሁለቱ አቻ፣ ሦስቱ ሽንፈት ናቸው። ስለዚህ የሁሉም አማካይ ነጥብ 41 ያህል ይሆናል። በአማካዩ ዙሪያ ያለው መበታተን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ 7 ነጥብ ገደማ ነው። በመሆኑም ከአሥራ ስድስቱ መካከል በአንደኛውና በመጨረሻው መካከል 25 ነጥብ ያህል ልዩነት ብታገኙ አትደነቁ። ሻምፒዮን ይኖራል፤ ወራጆችም ይኖራሉ። ሆኖም ሳንቲም ከሳንቲም በምን ይበልጣል?

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በመጀመሪያ፣ በእውነተኛ ሊግ ውስጥ ሰፊ ልዩነት የችሎታ ምልክት ቢሆንም፣ የሁለትና የሦስት ነጥብ ልዩነት ከስህተቱ መጠን በታች ነው። ሁለተኛ፣ የዕድልን ድርሻ በግማሽ ለመቀነስ የጨዋታውን ብዛት አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህም 120 ጨዋታ ማለት ነው። ይህን ያህል የሚጫወት እግር የለም፤ ይህን ያህል የሚከፍል ክለብም የለም።

ከእንግሊዝ ሜዳዎች የሚገኝ ትምህርት

በራግቢ ኳስ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። እንግሊዞች የራግቢ ክለቦቻቸውን በእርከን በተደራጀ ሊግ ማወዳደር የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዝቅተኛዎቹ እርከኖች ጉዞው እንዳይረዝም ክለቦቹ በየአካባቢያቸው ይመደባሉ። በአንድ የራግቢ ጨዋታ ውስጥ ነጥብ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ ነው፤ አሥር ጊዜ ሊደርስ ይችላል። የቆጠራ ስህተት ከቆጠራው ብዛት ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ በ2.5 ግብ ላይ 63 በመቶ የነበረው አንጻራዊ መዋዠቅ በ10 ቆጠራ ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ከዚህም በላይ፣ ለድል 4፣ ለአቻ 2 ነጥብ ከመስጠታቸው ሌላ፣ አራት ጊዜ «ትራይ» ላስቆጠረ ወይም በ7 ነጥብና ከዚያ በታች ለተሸነፈ ቡድን ተጨማሪ 1 ነጥብ ይሰጣሉ። ይህ ሚዛኑ ላይ ጥቃቅን መስመሮችን እንደ መጨመር ነው፤ በጥቂቱ የተሸነፈና ክፉኛ የተሸነፈ እኩል ዜሮ አይባሉም።

ሌላው የስህተት ዓይነት

እስካሁን ያየነው ስህተት በዕድል የሚመጣውን ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዘነብል ስህተትም አለ። ወልድያ በደጋ አፋፍ ያለች ከተማ ስትሆን፣ አርባ ምንጭ በስምጥ ሸለቆ ቆላ ውስጥ ናት። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱም በአንድ ሊግ ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ድካሙ፣ ሙቀቱ፣ የአየሩ መሳሳትና የደጋፊው ጩኸት ሁልጊዜ ለባለሜዳው ያደላሉ። በደርሶ መልስ መጫወት የተፈለገው አንዱ አድልዎ ሌላውን እንዲያጠፋው ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪሚየር ሊጉ ቡድኖች በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተሰባስበው ሲጫወቱ የባለሜዳነት ጥቅም ለአብዛኞቹ ቀርቷል።

በታችኛው እርከን ችግሩ ይበረታል። ቡድኖቹ በምድብ ስለሚከፈሉ፣ በምድብ «ሀ» ያለው ቡድን በምድብ «ለ» ካለው ጋር በመደበኛው ውድድር አይገናኝም። ይህ እርስ በርስ ባልተመሳከሩ ሁለት ቴርሞሜትሮች የሁለት ክፍሎችን ሙቀት ለክቶ እንደ ማወዳደር ነው።

ሚዛኑ የማይመዝነው

ሰንጠረዡ ፈጽሞ የማይለካቸው ነገሮችም አሉ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ሊደረግ የነበረው የወልድያና የመቐለ ጨዋታ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀረ። በ2012 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በኮቪድ ወረርሽኝ ተቋርጦ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወልድያና ሐብሩ በጦርነት ውስጥ አለፉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቋረጠው ከጨዋታ በላይ ነው፤ በመርሳ፣ በውርጌሳና በግራና ሜዳዎች ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆች ወደ ላይ የሚያዩበት መሰላልም አብሮ ይሰበራል።

አንድን ልኬት ከነስህተት መጠኑ ማንበብ በላቦራቶሪ ብቻ የሚፈለግ ጥንቃቄ አይደለም። በሁለት ነጥብ አንሶ የወረደ ቡድን፣ እንደዚሁም በአንድ ፈተና በሁለት ነጥብ የቀረ ተማሪ፣ «ደካማ» የሚል ማኅተም ከመመታቱ በፊት ሚዛኑ ሁለት ነጥብን የመለየት ዐቅም እንዳለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ሰንጠረዡ አይዋሽም፤ የሚናገረው ግን «ምናልባት» በሚል ቃል ነው። ያችን ቃል መስማት የአንባቢው ፈንታ ነው።