የእበት ጋዝን በቤት ስለ መትከልና በደኅና ስለ ማንደድ

በጉንችሬና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች የሚኖር ገበሬ በቤቱ ሁለት የከበሩ ነገሮች አሉት፤ እነርሱም ከብቱና እንሰቱ ናቸው። ከብቱ ወተትና ቅቤ ይሰጣል፥ እበቱም እንሰቱን ያሳድጋል፤ እንሰቱም ቤተ ሰቡን ይመግባል። እንደ አባቶች ሥርዓት ከብቱ ሌሊት ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል፤ ሲነጋም የቤቱ እመቤት እበቱን ጠርጋ ወደ እንሰቱ ጓሮ ታወጣዋለች። ይህ ሥርዓት የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ከዚሁ እበት፥ የእንሰቱን ድርሻ ሳይነኩ፥ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ ማግኘት እንዲቻል ያልሰማ ሰው ብዙ ነው። የሰማውም ቢሆን ጋዙ ሲተከልና መጀመሪያ ሲለኮስ የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ሁሉ አላወቀ ይሆናል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሎች ራሳቸው ተረድተው ለጎረቤት እንዲያስረዱ ይህን ጻፍን።

አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ይባል። የእንጨት እሳት በጢሱ ይናገራል። እኛም በልጅነታችን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ዓይናችንን እያሸን ያደግን ነን፤ ጢሱ ሲበዛብን ማንም ሳይነግረን ተነሥተን በሩን እንከፍት ነበር። የጋዝ እሳት ግን ዝምተኛ ነው፤ ዓይን አያስለቅስም፥ ግድግዳ አያጠቁርም። ይህ ትልቅ በጎነቱ ነው፤ ነገር ግን አደጋውም ከዚሁ ይመጣል። ጢሱ ይነግረን የነበረውን እንግዲህ ሥርዓት ሊነግረን ይገባል።

1ኛ። ጋዙ ምን እንደ ሆነ

እንሰት ተፍቆ በጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ ሲቀመጥ እየተብላላ ቆጮ እንዲሆን ሁሉም ያውቃል። የእበት ጋዝም ነገር ለዚህ ቅርብ ነው። እበት ከውኃ ጋራ ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ያብላሉታል፤ ከዚህም ጋዝ ይወጣል። ከጋዙ ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የሚባለው የሚነደው ነው፤ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው የማይነደው ነው። ደግሞ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሌላ ጋዝ በጥቂቱ ይገኝበታል። ይህ ሁሉ በአንድነት ባዮጋዝ ይባላል።

ብልሃቱ ወደ አገራችን የገባው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። ኋላም በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና ያን ጊዜ የጉራጌ አገር በሚገኝበት በደቡብ ክልል ሥራውን ጀመረ። የጉድጓዱም ንድፍ ከኔፓል አገር ተወስዶ ለእኛ እንዲስማማ ተደርጎ ተሻሻለ፤ ስሙም «ስንዱ» ተባለ።

2ኛ። ስለ እንሰቱ ድርሻ

ሽማግሎች ይህን ነገር ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁት፥ «እበቱ ወደ ጉድጓድ ከገባ እንሰቱ ምን ሊበላ ነው?» ብለው ነው። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ እንሰቱ ከደኸየ ቤቱ ይራባልና። መልሱም ይህ ነው። ጋዙ ከእበቱ የሚወስደው በአብዛኛው የሚነደውን ክፍል ነው፤ ተክልን የሚያፋፉት ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ፖታሲየም ግን በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ። አዲስ እበት በአንድ ወገን ሲገባ የተብላላው ዝቃጭ በሌላው ወገን ይወጣል። ሽታው የቀለለ ነው፥ ዝንብም እንደ ጥሬው እበት አይወረውም። ስለዚህ እንሰቱ ምግቡን አይነጠቅም፤ ጥቂት ዘግይቶ ይቀበላል እንጂ።

ዳሩ ግን ዝቃጩ በፀሓይ ላይ ተሰጥቶ ቢደርቅ ናይትሮጅኑ በነፋስ ይሄዳል። ስለዚህ ጥላ ባለበት ጉድጓድ ከቅጠልና ከገለባ ጋራ እየተደረበ ይከማች፥ ወይም እንደ ወጣ ወደ እንሰቱ ሥር ይወሰድና አፈር ይልበስ።

የጋዙም ልክ ይታወቅ። ተራው የጋዝ ምድጃ ለቡና፥ ለወጥ፥ ለጎመንና ለወተት ማፍያ ይበቃል፤ ቆጮ የሚጋገርበትን ሰፊ ምጣድ ለማጋል ግን አይበቃም። ስለዚህ እንጨት ፈጽሞ ይቀራል ብሎ ለእመቤቲቱ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ ይቀንሳል ማለት ግን እውነት ነው።

3ኛ። ስለ አተካከሉ

ጉድጓዱ በሠለጠነ ግንበኛ ይሠራ እንጂ በግምት አይቆፈር። ለአንድ ቤተ ሰብ የሚሆነው 6 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ይህንንም ለመመገብ 4 ከብት ያህልና በየቀኑ 30 ኪሎ ግድም እበት ያስፈልጋል፤ ውኃውም ከእበቱ ጋራ እኩል ነው። ከብቱ ያነሰ ወይም ውኃ የራቀበት ቤት አስቀድሞ ይህን ያስላ፤ ገንዘቡን ካወጣ በኋላ ከመጸጸት ይድናልና።

ስፍራው ከበረቱ አጠገብ፥ ፀሓይ የሚያገኘው፥ ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ሥሩ ግንቡን እንዳይሰነጥቀው ከትልቅ ዛፍም ይራቅ። የጋዙ መኖሪያ ጋን እንደ ተደፋ ሆኖ የሚገነባ ነው፤ የጋዙንም ግፊት እንዲችል በላዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ይከመርበት። በአናቱ ላይ ዋናው መዝጊያ ይደረጋል። የዚህን መዝጊያ ቦታና አዘጋግ ከቤቱ ሰው ሁሉ ማወቅ የማይገባው የለም፤ በክፉ ቀን ቤቱን የሚያድነው እርሱ ነውና።

ከዚያ እስከ ማድ ቤት የሚሄደው ቧምቧ ከተቻለ አጭር ይሁን፥ መጋጠሚያውም አይብዛ። ከጋዙ ጋራ የሚወጣው እርጥበት በቧምቧው ውስጥ ውኃ ይሆናል፤ ስለዚህ ቧምቧው ወደ አንድ ዝቅተኛ ስፍራ እንዲያዘነብል ተደርጎ በዚያ የውኃ ማፍሰሻ ይበጅለት።

ምድጃው በሚቆምበት ክፍል ከጣራው ሥር የማይዘጋ ቀዳዳ ይተው። የሣር ጣራ በራሱ ይተነፍስ ነበር፤ በቆርቆሮ የተከደነ፥ ኮርኒስም ያለው ቤት ግን አይተነፍስም። የእበት ጋዝ ከአየር ጥቂት ስለሚቀል ቢያመልጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫውም ላይኛው ቀዳዳ ነው።

ተከላው ሲያልቅና ጋዙ በቧምቧው ውስጥ ሲደርስ፥ መጋጠሚያው ሁሉ በሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋው እያበጠ ከተነፋ ጋዝ ያመልጣል ማለት ነው፤ ተዘግቶ ይጠበቅና እንደገና ይፈተን። በክብሪት መፈተን ግን ሞትን ራሱን ጠርቶ «አለህን?» እንደ ማለት ነው።

4ኛ። መጀመሪያ ሲለኮስ

ጉድጓዱ መጀመሪያ ሲሞላ ከብዙ ቀን የተጠራቀመ ንጹሕ እበት ከውኃ ጋራ ተበጥብጦ ይገባል። ድንጋይ፥ አፈርና ጭድ ይለቀሙ፤ የሳሙና ውኃም አይግባ፥ የሚያብላሉትን ሕያዋን ይገድላልና። ከዚህ በኋላ እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ይገባል።

ችኩል ሰው የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አብዛኛው የማይነደው ነው፤ ደግሞም በግንቡና በቧምቧው ውስጥ የነበረው አየር ተቀላቅሎበታል። ሚቴን ብቻውን ሳለ በዝግታ ይነዳል፤ ነገር ግን ከ100 እጅ አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 እጅ ሲሆን በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ይነዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጋዝ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ ተለቆ ይጣል። በሚለቀቅበትም ጊዜ በአካባቢው እሳት፥ ሲጃራም ቢሆን፥ አይኑር። በዋናው መዝጊያ ላይ ወይም በጉድጓዱ አናት እሳት ለኩሶ መሞከር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላልና። ሙከራው በምድጃው ላይ ብቻ ይሁን።

የአለኳኮሱም ተራ ይህ ነው። ፊት በሩና መስኮቱ ይከፈት፤ ጋዝ አለመሽተቱም ይታወቅ። ሁለተኛ፥ የውጭው ዋና መዝጊያ ይከፈት። ሦስተኛ፥ ክብሪቱ ይጫርና ወደ ምድጃው ይቅረብ። አራተኛ፥ የምድጃው መዝጊያ ቀስ ተብሎ ይከፈት። ክብሪት ይቅደም፥ ጋዝ ይከተል። ይህን የገለበጠ ሰው ጋዙ በክፍሉ ከተሰበሰበ በኋላ እሳት ያቀርብለታል። ክብሪቱ ቢጠፋ መዝጊያው ይዘጋ፤ አየሩ እስኪጠራ ተቆይቶም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመር።

ደኅነኛ ነበልባል ሰማያዊና ጸጥ ያለ ነው። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ካጠቆረ አየር አንሶታል፤ ከምድጃው ተነሥቶ ለመጥፋት ከዘለለ አየር በዝቶበታል፤ በሁለቱም የአየር መግቢያው ይስተካከል። እየተንተከተከ ቢወዛወዝ በቧምቧው ውኃ ተጠራቅሟልና በማፍሰሻው ይፍሰስ። ሥራ ሲያልቅ የምድጃው መዝጊያ ይዘጋ፤ ማታም ከመተኛት በፊት የውጭው ይዘጋ።

በቤት ውስጥ ጋዝ ከሸተተ ክብሪት አይጫር፥ የኤሌክትሪክ መብራትም አይብራ አይጥፋ። ሰው ሁሉ ይውጣ፥ በሩ ይከፈት፥ የውጭውም መዝጊያ ይዘጋ።

5ኛ። ማንም ወደ ጉድጓዱ እንዳይወርድ

ከእሳት ይልቅ የሚያስፈራው ጉድጓዱ ራሱ ነው። በውስጡ የሚተነፈስ አየር የለም። በሩን ከፍቶ የወረደ ሰው ሳይጮኽ ይወድቃል፤ እርሱን ላወጣ ብሎ የወረደ ወንድሙም በላዩ ይወድቃል። የሽታው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ስለሚያደነዝዝ፥ «አይሸተኝምና ደኅና ነው» ማለት ያታልላል። ስለዚህ ለጥገና ቢያስፈልግ የሠለጠነ ባለሙያ ይጠራ እንጂ ከቤተ ሰብ ማንም አይግባ። የዝቃጩም መውጫ ሕፃን በማያነሣው ከባድ ክዳን ይከደን።

6ኛ። ስለ ጠርሙስ ጋዝና ስለ ከሰል

በከተማ በብረት ሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ከእበቱ ጋዝ ይለያል። እርሱ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ቢያመልጥ ወደ ታች ወርዶ በወለሉ ላይ ይተኛል። መውጫውም ከታች ይሁን። ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይጋደም። የመፈተኛውና የአለኳኮሱ ሥርዓት ግን አንድ ነው።

ከሰልም ጢስ የለውም ተብሎ አይታመን። በክረምት ብርድ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በር ዘግተው የሚተኙ አሉ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፥ አይሸትም። ከደም ጋራ ለመጣበቅ ያለው ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 እጅ በላይ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፥ ያዞራል፥ ያስመልሳል፤ ከዚያም እንቅልፍ ይጥላል፤ የተኛውም አይነሣም። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣና ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የጋዝ ምድጃም አየር በሌለበት ቤት ሲነድ ይህንኑ መርዝ ሊያወጣ ይችላልና፥ ለቤት ማሞቂያ ተብሎ ሌሊቱን አይተው።

መምህሩ ለተማሪዎቹ የሚያቀርበው ጥያቄ

1። ከክብሪትና ከጋዝ መክፈት የትኛው ይቀድማል? ስለ ምን?
2። የመጀመሪያው ጋዝ ስለ ምን ይጣላል?
3። የእበት ጋዝ መውጫ ከላይ፥ የሲሊንደር ጋዝ መውጫ ከታች የሚሆነው ስለ ምንድር ነው?
4። ሰው በጉድጓዱ ቢወድቅ ያየው ሰው ምን ከማድረግ ይጠንቀቅ?

ልጆቹ መልሱን ካወቁ በኋላ ማታ ለወላጆቻቸው እንዲነግሩ ይታዘዙ። በብዙ ቤት የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ተናጋሪ ልጁ ነው፤ በምድጃው አጠገብ ውላ የምታድረው ግን እናቱ ናት።