ባለ አንድ ካሜራው አይፎን ቃሊቲ ላይ

ቃሊቲ ቶታል አካባቢ ያገለገለ ስልክ የሚሸጥና የሚጠግን አንድ ባለሙያ፣ የትኛው አይፎን ቶሎ እንደሚሄድ ለማወቅ መዝገብ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ኤክስ ኤስ ማክስ አይቆይም። 11 ፕሮም አይቆይም። መስታወቱ ውስጥ ከርሞ ዋጋው የሚቀነሰው ኤስ ኢ ነው፤ አፕል በ2020 እና በ2022 ያወጣው፣ ከስክሪኑ ሥር ክብ ቁልፍ፣ ከጀርባው አንድ ካሜራ ብቻ ያለው ትንሹ ስልክ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደንበኛው ያነሳዋል፣ ያገላብጠዋል፣ «ይሄ 8 ነው አይደል ወንድሜ?» ይላል። እንዳልሆነ ሲነገረው አንዴ ደግሞ አይቶ ይመልሰዋል።

ባለሙያውን የሚያሳስበው ይህ ነው፤ ስልኩን ከፍቶ ያውቀዋልና። የ2020ው ኤስ ኢ አሜሪካ ውስጥ በ399 ዶላር ሲቀርብ 11 ፕሮ ከ999 ዶላር ነበር የሚጀምረው። የሁለቱም ቺፕ ግን አንድ ነው፤ ኤ13። የ2022ው ደግሞ በ429 ዶላር የአይፎን 13ን ኤ15 ቺፕ ይዞ መጣ። ፍጥነቱ ይህን ያህል የሆነ ስልክ ለምን ፈላጊ ያጣል? «ሰው የሚገዛው ለታይታ ነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ብዙ ነጋዴም ይህን ብሎ ያልፋል። ባለሙያው ግን ይህን መልስ አይቀበልም። ወር ሙሉ የለፋበትን ብር ቆጥሮ የሚከፍል ሰው ለራሱ የሚበጀውን አያውቅም ማለት ይከብደዋል።

ነገሩ የጀመረው ከቃሊቲ በጣም ርቆ ነው። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2013 አፕል ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት አዳዲስ አይፎኖችን በአንድ ቀን አስተዋወቀ፤ 5ኤስ እና 5ሲ። 5ሲ ጀርባው ፕላስቲክ ሆኖ በአምስት ቀለም የቀረበ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ስልክ ነበር። ዓለም ርካሽ አይፎን ሲጠብቅ፣ ከኔትወርክ ኩባንያ ጋር ውል ሳይገባ የሚገዛው ሰው 549 ዶላር ተጠየቀ። 5ኤስ 649 ነበር። በቻይና ደግሞ 5ሲ በ4,488 ዩዋን ወጣ፤ ይህ የአገሩ ሠራተኛ ርካሽ የሚለው ዋጋ አልነበረም። በጃንዋሪ 2014 ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ለባለሀብቶች ሲያብራሩ፣ የ5ሲ ድርሻ ካሰቡት የተለየ ሆኖ እንደተገኘ ተናገሩ። በዚያው ሩብ ዓመት ኩባንያው 51 ሚሊዮን አይፎን ሸጦ ነበር። አይፎን ፈላጊ አልጠፋም ማለት ነው፤ ፈላጊው 100 ዶላር ጨምሮ ወደ 5ኤስ ሄደ እንጂ።

ገዢው ተሳስቶ ነበር? ጊዜው አልተሳሳተም ይላል። 5ሲ ውስጡ የ2012ቱ አይፎን 5 ነበር። ቺፑ ባለ 32 ቢቱ ኤ6፣ የጣት አሻራ ማንበቢያም የሌለው። 5ኤስ ባለ 64 ቢቱን ኤ7 ይዟል። በ2017 የአይፎን ሲስተም የሆነው አይኦኤስ 11 ሲወጣ 5ሲ ከተራው ወጣ፤ 5ኤስ እስከ አይኦኤስ 12 ዘለቀ፣ የደህንነት ማስተካከያም እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ ሲላክለት ቆየ። 100 ዶላር የቆጠበው ሰው ስልኩ ቀድሞ አረጀበት። የባንክ መተግበሪያ አልከፍት ብሎት ወደ ጥገና ቤት የመጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ስልኩ አልተሰበረም፣ ባትሪውም ደህና ነው፣ ባለሙያው ግን ሊሠራለት የሚችለው ነገር የለም።

የውድ ብራንድ ርካሽ ሞዴል ሲመጣ «ምን ቀንሰውበት ነው?» ብሎ መጠርጠር ከዚህ ይመነጫል። ጥርጣሬው ጤናማ ነው። ችግሩ በ2013 እውነት የነበረው በ2020 መገልበጡ ላይ ነው። በሴፕቴምበር 2025 አይኦኤስ 26 ሲለቀቅ ኤክስ አር፣ ኤክስ ኤስ እና ኤክስ ኤስ ማክስ ከዝርዝሩ ወጡ። የ2020ው ኤስ ኢ ከ11 ፕሮ ጋር አብሮ ቀጠለ። ቃሊቲ ላይ ሰው የሚሻማበት ኤክስ ኤስ ማክስ አዲሱን ሲስተም ሳያገኝ ሲቀር፣ መስታወት ውስጥ የከረመው ትንሹ ስልክ አገኘ። ባለሙያው ይህን ለደንበኛ ሁሉ ይናገራል። የሚሰሙት አሉ። ብዙዎቹ ግን ሰምተውም ኤክስ ኤስ ማክሱን ይዘው ይሄዳሉ፣ እና ምክንያታቸው ሲደመጥ ውሃ ያነሳል።

ከአቃቂና ከቃሊቲ ፋብሪካዎች፣ ከጉምሩኩ ዙሪያ ካሉ የጭነት ሥራዎች፣ ከመናኸሪያው ገቢ የሚያገኝ ሰው ደህና ስልክ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ እቁብ ሲወጣለት ነው። ያ ስልክ መደወያ ብቻ አይደለም፤ ንብረት ነው። የቤት ኪራይ ሲጎድል፣ አገር ቤት ያለ ወላጅ ሲታመም፣ በአንድ ከሰዓት ወደ ብር የሚለወጥ ንብረት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ቺፑ አይደለም። «ስሸጠው ያወጣልኛል?» ነው። ኤክስ ኤስ ማክስ የያዘ ሰው በየትኛውም ሞባይል ቤት ገዢ ያገኛል። ኤስ ኢ የያዘው ከቤት ቤት ይዞራል። ፍላጎቱ ደካማ በመሆኑ መልሶ መሸጫው ይወርዳል፤ መልሶ መሸጫው በመውረዱ ፍላጎቱ ይባስ ይደክማል። ይህን ክብ አንድ ባለሙያ ብቻውን ሊሰብረው አይችልም።

ስክሪኑም አለ። 4.7 ኢንች ለዛሬ ተጠቃሚ ጠባብ ነው፤ ሰው ድራማውን የሚያየው፣ ልጁ የሚያጠናው በዚሁ ስልክ ነውና። ባትሪው ደግሞ ትልቁ ቅሬታ ነው። የ2020ው ኤስ ኢ 1,821 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ይይዛል። በብዙ የቴክኖ ስልኮች ላይ 5,000 የተለመደ ነው። መብራት አምሽቶ በሚመጣበት ሰፈር፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚዘጋ ስልክ ቢንቀው አይፈረድበትም።

ከዚያ ሲሙ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በኦክቶበር 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ 09ም 07ም የያዘ ሰው በዝቷል። ለቻይናና ለሆንግ ኮንግ ገበያ የተሠሩት ኤክስ ኤስ ማክስ፣ ኤክስ አር እና 11 ሁለት ሲም ካርድ ይቀበላሉ፤ ባገለገለ ስልክ ገበያ ላይ ለብቻቸው ይፈለጋሉ። ኤስ ኢ አንድ መሳቢያ፣ አንድ ካርድ ነው፤ ሁለተኛውን ካርድ በማይፈልገው ኢ-ሲም ማስገባት ይቻላል፣ ግን ካርዱን ነቅሎ ለወንድሙ ስልክ ማዋስ የለመደ ሰው ይህን አይወደውም።

የሚገርመው ኤስ ኢ ለጠጋኙ የተመቸ መሆኑ ነው። የ2020ውን ስልክ የፈቱ ባለሙያዎች ስክሪኑ፣ ካሜራው፣ የሲም መሳቢያው ከአይፎን 8 ጋር እንደሚቀያየር አረጋግጠዋል። የ8 ስክሪን ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ፣ ዋጋውም የማይከብድ ነው። ጥንቃቄ የሚሹት ሁለት ናቸው። ባትሪው መጠኑ ከ8 ጋር አንድ ቢሆንም የማገናኛው ሶኬት ይለያል፤ ክቡ ቁልፍም ከማዘርቦርዱ ጋር የተጣመረ ስለሆነ ሌላ ሲገባለት የጣት አሻራው አይሠራም። ስለዚህ የተሰበረ ስክሪን ሲቀየር የመጀመሪያውን ቁልፍ ሳይጎዱ አውጥቶ አዲሱ ላይ መመለስ ግዴታ ነው። ከዚህ ውጭ ስልኩን ቶሎ ቶሎ ለሚሰብር ሰው ከኤስ ኢ የሚቀል አይፎን ባለሙያው አያውቅም። የኤክስ ኤስ ማክስ ኦሌድ ስክሪን ሲሰበር ዋጋውን ሰምቶ ስልኩን እንደያዘ የሚመለስ ደንበኛ ብዙ ነው።

ዋጋ ከተነሳ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጠቀስ አለበት። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የፈቀደው በዚያ ቀን ነው። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። በ429 ዶላር የወጣው ስልክ በቀድሞው ተመን 24 ሺህ ተኩል ብር ገደማ ነበር፤ በአዲሱ ከ51 ሺህ በላይ ሆነ፣ ያውም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። አፕል በአፍሪካ ውስጥ የራሱ መሸጫ ሱቅ የለውም፤ ስልኩ የሚመጣው በዱባይና በመንገደኛ ሻንጣ ነው። እዚህ ሲደርስ «ርካሹ» የሚለው ቅጽል ትርጉም ያጣል። አዲስ ኤስ ኢ የሚያስገዛ ብር የነበረው ሰው በዚያው ብር ያገለገለ ፕሮ ይገዛ ነበር። ከዚያ በታች ያለው ገዢ ደግሞ ወደ ቴክኖ ወይም ወደ ሳምሰንግ ኤ ይሄዳል፤ የቴክኖ ባለቤት ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ሲገጣጥም የቆየ ኩባንያ ነው፤ ሁለት ሲም፣ ብዙ የሚቆይ ባትሪና አማርኛ ይዞ የመጣው ይህን ገዢ አይቶ ነው። ኤስ ኢ በሁለቱ መካከል ማንም የማይቆምበት ቦታ ላይ ቀረ።

እንዲያም ሆኖ የውድ ብራንድ ርካሽ ሞዴል ሁሉ አይወድቅም። ኤክስ አር በ2018 በ749 ዶላር ሲወጣ ምርቱ ተቀነሰ የሚል ዘገባ በዝቶ ነበር፤ ኦምዲያ የተባለው የገበያ ጥናት ተቋም ግን በ2019 በዓለም ላይ በብዛት የተላከው ስማርት ስልክ እሱ እንደነበር ገልጿል፣ ከ46 ሚሊዮን በላይ። ኤክስ አርም ካሜራው አንድ ነው። ልዩነቱ ስክሪኑ ትልቅ፣ ባትሪው የሚያውል፣ መልኩ የዘመኑ መሆኑ ነው። የተቀነሰበት ነገር የዕለት ኑሮን አልነካም።

ይሁንና ኤክስ አር የራሱን መዘዝ ይዟል። ቤቱን ቀይረው፣ የካሜራ ጉብታ ጨምረው ከውጭ 13 ፕሮ ወይም 14 ፕሮ የሚያስመስሉት አሉ። ሥራው ከቻይና በሚመጣ ዕቃ የሚሠራ ነው፤ ውሃ የመከላከል አቅሙን ያሳጣዋል፣ የተጨመሩት ሌንሶችም ፎቶ አያነሱም። ባለሙያው እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣለት ሴቲንግ ገብቶ የሞዴሉን ስም ለደንበኛው ያሳየዋል፣ ሳያሳይ አይሸጥም። በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ለልጃቸው ሊገዙ ሲመጡ «እናቴ፣ ይሄ ኤክስ አር ነው፤ ልብሱ ነው የተቀየረው» ብሎ በግልጽ ይነግራቸዋል። በሁለት ሌንስ ሥዕል ምክንያት የሰው ብር ሲበላ ዝም ማለት ከሙያው ጋር አይሄድም።

አሁን የሚጠየቀው ስለ 16ኢ ነው። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2025 አፕል በኤስ ኢ ቦታ ተክቶ ያስተዋወቀው ይህ ስልክ ሲወጣ ዋጋው ከ599 ዶላር ይጀምር ነበር፤ ክቡ ቁልፍ ቀርቶ 6.1 ኢንች ኦሌድ ስክሪን፣ ፌስ አይዲና ኤ18 ቺፕ ይዟል፣ ባትሪውም የቀድሞው ቅሬታ አይነሳበትም። ካሜራው ግን አሁንም አንድ ነው፣ ማግሴፍ የተባለው የማግኔት ቻርጅም የለውም። ከአሜሪካ የሚመጣው ደግሞ የሲም መሳቢያ ጭራሽ የለውም፤ በኢ-ሲም ብቻ ነው የሚሠራው። ዘመዱን ከዋሽንግተን እንዲልክለት የጠየቀ ወጣት ይህን ሳያውቅ ሲቀር ስልኩን ከተቀበለ በኋላ ነው ካርድ ማስገቢያ የሚፈልገው። ስለዚህ ባለሙያው ለሚጠይቀው ሁሉ በቅድሚያ የሚለው «ከየት አገር እንደሚመጣ አጣራ» ነው፤ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣው አንድ ካርድ ይቀበላል። ቀጥሎ ስንት ዓመት ሊይዘው እንዳሰበ ይጠይቀዋል። አራትና አምስት ዓመት የሚል ከሆነ 16ኢውን ይመክረዋል፤ በዓመቱ ሸጦ ሊቀይር ያሰበውን ግን ያገለገለ 14 ፕሮ እንዲያይ ይነግረዋል።