ሪሞቱ አልሞተም፣ ቁልፉ ነው የደከመው

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ብዙ ቤት ስላለ ችግር እናወራለን። የቴሌቪዥን፣ የሪሲቨር ወይም የሆም ቴአትር ሪሞት ሌላው ሁሉ እየሠራ አንድ ቁልፍ ብቻ እንቢ ይላል። እንቢ የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣም የምንነካው ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያው ወይም ድምፅ መጨመሪያው። ከዚያ ቁልፉን በአውራ ጣት መደብደብ፣ ሪሞቱን በመዳፍ ጧ ጧ ማድረግ፣ የባትሪ ድንጋዩን በጥርስ መንከስ ይጀመራል። መጨረሻ ላይ «ይሄ ሞቷል» ተብሎ ይጣላል።

ቆይ፣ አትጣሉት! የቆየ ሆም ቴአትር ከሆነ የራሱን ዓይነት ሪሞት ገበያ ላይ ማግኘት ያስቸግራል። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ያለ ሪሞት የማይከፈት ብዙ ሥራ ስላለው፣ ከነጤናው የቡፌ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቁልፉ እንዴት ነው የሚሠራው?

እኛ የዓባይ ማዶ ልጆች ስለ ድልድይ እናውቃለን። ድልድይ ከሌለ በወዲያና በወዲህ ሆኖ መተያየት ብቻ ነው። ሪሞት ውስጥም እንደዚሁ ነው። በቦርዱ ላይ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ የተጠላለፉ፣ ግን የማይነካኩ መስመሮች አሉ። እነሱ የወንዙ ሁለት ዳርቻዎች ናቸው። ከላስቲኩ ቁልፍ በታች ደግሞ ትንሽ ጥቁር ክብ አለች። በውስጧ ካርቦን ስላለ ኤሌክትሪክ ታሳልፋለች። ቁልፉን ስንጫን ጥቁሯ ክብ ወርዳ ሁለቱን መስመሮች ታገናኛለች፤ ድልድይ ሆነች ማለት ነው። ያን ጊዜ በቦርዱ ላይ ያለው አይሲ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ ያውቅና፣ ከፊት ያለችውን አምፖል በማብራትና በማጥፋት መልእክቱን ይልካል። ብርሃኑ ኢንፍራሬድ ስለሆነ በዓይናችን አይታይም። በብዙ ሪሞቶች ይህ ብልጭታ በሰከንድ 38,000 ጊዜ ያህል ነው!

ታዲያ ቁልፉ ለምን ይደክማል? አንደኛ፣ የእጃችን ቅባትና አቧራ በቀዳዳው እየገባ ድልድዩን ይሸፍነዋል። ወጥ የነካ እጅ ካለማ ይብሳል። ላስቲኩ ራሱም ሲያረጅ ቅባት ያወጣል። ሁለተኛ፣ ጥቁሯ ክብ በብዛት ስትነካ ትላጣለች። ለዚህ ነው ሪሞትን በፌስታል መጠቅለል ጥሩ የሚሆነው።

መጀመሪያ መመርመር

ሁለት አዲስ ድንጋይ አስገቡ። እያንዳንዱ 1.5 ቮልት ስለሆነ በአንድ ላይ 3 ቮልት ይሆናሉ። ከዚያ የሪሞቱን አምፖል ወደ ሞባይል ካሜራ አዙራችሁ ቁልፉን ተጫኑ። ብዙ ካሜራዎች ኢንፍራሬድን እንደ ሐምራዊ ብልጭታ ያሳያሉ፤ የኋላው ካላሳየ የፊቱን ሞክሩ። በሌሎቹ ቁልፎች በርቶ በአንዱ ካልበራ ጥፋቱ የዚያ ቁልፍ ነው። በሁሉም ካልበራ ግን የድንጋዩን ሞላ እዩ፤ ዝጎ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥገናው

1. ከትልቅ ሰው ጋር ሥሩ። ድንጋዩን አውጡ። ብሎኑን በካቻቢቴ ፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ሥር ይደበቃል። ጠርዙን በቢላ ሳይሆን በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

2. ላስቲኩን ለይታችሁ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ጥቁሮቹን ክቦች አትፈትጉ፤ ይላጣሉ። ጥላ ሥር በደንብ ይድረቅ።

3. ቦርዱን ውኃ አታስነኩ። ጥጥ በትንሽ አልኮል ነክራችሁ መስመሮቹን ጥረጉና እስኪደርቅ ጠብቁ።

4. ገጥማችሁ ሞክሩ። ችግሩ ቅባት ብቻ ከነበረ እዚህ ላይ ያልቃል።

5. አሁንም እንቢ ካለ ጥቁሯ ክብ ተልጣለች ማለት ነው። ለጊዜው የሚሆን መላ 4ቢ ወይም 6ቢ የሆነ ለስላሳ እርሳስ ክቧ ላይ ደጋግሞ መቀባት ነው። ግን ቶሎ ይለቃል። ቆየት የሚለው መላ ጀርባው ወረቀት የሆነ የማስቲካ ብርማ ወረቀት በክቧ ልክ መቁረጥ ነው። በወረቀቱ በኩል በጣም ትንሽ ማጣበቂያ አድርጋችሁ ላስቲኩ ላይ ለጥፉ፤ ብርማው ፊት ወደ ቦርዱ ይዙር። ከክቧ ካለፈ የጎረቤቱን መስመር ይነካና ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከተጣለ ሪሞት ላይ ያልተነካ ቁልፍ ጥቁር ክብ በምላጭ አስቆርጦ መለጠፍ ነው። ምላጩንና ሱፐር ግሉን ትልቅ ሰው ይያዘው።

እርሳስ ለምን ሠራ ትሉ ይሆናል። በአማርኛ «እርሳስ» ስንል የብረት ዓይነትም ነው፤ በምንጽፍበት እርሳስ ውስጥ ያለው ግን ብረት ሳይሆን ግራፋይት የሚባል የካርቦን ዓይነት ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ነው። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቢ የሚለው ቁጥር ሲጨምር ግራፋይቱ ይበዛል።

አደራ! ድንጋይ አትንከሱ፣ እሳት ውስጥ አትጨምሩ። ፈሶ ነጭ ዱቄት ካወጣ በባዶ እጅ አትንኩት። ያለቀውንም ዓባይም ሆነ ጣና ዳር አትጣሉ፤ ዓሣውም ውኃውም የእኛው ነው።

ይህን ያውቁ ኖሯል? በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዩጂን ፖሊ የተባለ አሜሪካዊ ገመድ የሌለው የቴሌቪዥን ሪሞት ሠራ። በሚታይ ብርሃን ስለሚሠራ፣ ፀሐይ ስታርፍበት ቴሌቪዥኑ ራሱ ቻናል ይቀይር ነበር! በአገራችን ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ ለእናንተ፦ ሪሞቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙራችሁ ብትጫኑ ይታዘዛል? ቤት ሞክሩና ምክንያቱን ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡ።