ከባሶ ገበያ እስከ ደብረ ማርቆስ አልጋ፦ የጎጃም መሳፍንት ቤትና የጋብቻ መረቡ

ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ በሚያመራበት በኩል ትገኛለች። የጎጃምን መሳፍንት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጎንደር ግቢ ወይም ከደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት ይነሳል። እኔ ከይጁቤ መነሳትን መርጫለሁ። የዘር ሐረግ ሹመት ለመጠየቅ ያበቃል እንጂ ጦር አይቀልብም። ጦር የሚቀልበው ቀረጥ ነው፤ ከጎጃም ቀረጥ ዳጎስ ያለው ደግሞ ይሰበሰብ የነበረው በባሶ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የባሶ ገበያ ከጎጃም ገበያዎች ሁሉ የላቀ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከጉዱሩው የአሰንዳቦ ገበያ ተነስቶ ወንዙን የተሻገረ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚህ ነው። ከእናርያና ከከፋ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ባሪያ ይመጣል፤ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1830ዎቹ ዓ.ም. አካባቢውን ተመላልሶ አይቶ ስለዚህ ንግድ በሰፊው ጽፏል። ከዚያ ሁሉ ሸቀጥ ላይ በየኬላው የሚነሳው ቀረጥ የሚገባው ጎጃምን ለያዘው ሰው ነበር። ስለዚህ «ጎጃም የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ማን ከማን ይወለዳል?» ከሚለው ጋር ተጣምሮ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ደም አፋሷል።

መጀመሪያ የዘር ቆጠራውን ነገር እንይ። ለንጽጽር ያህል፣ በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ የባላባት ቤት ቀስ በቀስ በአባት መስመር ጠብቦ፣ ምሽጉና ማዕረጉ ለበኩር ወንድ ልጅ የሚተላለፍበት ሥርዓት ጸና። ጎጃም ግን ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር አለን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን በዝርዝር አሳይቷል፦ መሬቱን ባቀናው ዋና አባት ስም የሚጠራ ርስት አለ፤ በወንድም ሆነ በሴት ልጅ በኩል ከእሱ መወለዱን ያስረዳ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ድርሻውን ማግኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጉልበት፣ ወዳጅና ረጅም ሙግት ይፈልጋል። የመሳፍንቱም አልጋ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ማዕረግ አይወረስም፤ የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። የሚወረሰው የመጠየቅ መብት ነው። ጠያቂው ደግሞ አንድ ሆኖ አያውቅም።

ጎጃምና ፈረንሳይ የሚገናኙበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ሰባት ቤት ነው። የእኛ ሰው እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ካልተራራቀ አይጋባም። የሮማ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. እስከ 1215 ድረስ እስከ ሰባተኛው ቤት ጋብቻን ትከለክል ነበር፤ በዚያ ዓመት በላተራን ጉባኤ ወደ አራት አወረደችው። የአኪቴን ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር እ.ኤ.አ. በ1152 ከንጉሥ ሉዊ 7ኛ ስትለያይ የቀረበው ምክንያት «ዘመዳሞች ናቸው» የሚል ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሌላ አግብታ ያን ሁሉ አገር ይዛ ወደ አንጁው ሄንሪ ቤት ገባች። ሄንሪ በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። የሥጋ ዘመዱን ማግባት የተከለከለ መኳንንት አማች ፍለጋ ሩቅ መሄዱ አይቀርም። የጎጃም ቤት ከጎንደር፣ ከዋግና ከሸዋ ጋር የተሳሰረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

የቤቱ መሠረት የተጣለውም በአንዲት ሴት ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከዐፄ በካፋ ሞት በኋላ ከምልምል ኢያሱ ሴቶች ልጆች ወልደዋል። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ። የተወለዱት ልጅ ታላቁ ራስ ኃይሉ ናቸው፤ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሩብ ጎጃምን የገዙት። አባታቸው አገሩን፣ እናታቸው ክብሩን ሰጧቸው ማለት ይቻላል። የጎንደር ነገሥታት አልጋ በመሳፍንት እጅ መጫወቻ በሆነበት ወቅት የምንትዋብ የልጅ ልጅ መሆን ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ራስ መርዕድ ተተኩ። ቀጥሎ የመጡት የዳሞቱ ደጃዝማች ዘውዴ ናቸው። የዘውዴ ልጅ ደጃዝማች ጎሹ በእናታቸው በኩል ከራስ ኃይሉ ቤት ይወለዳሉ። እንግዲህ አልጋው በሴት በኩል አለፈ፤ እንደ ፈረንሳይ ቢቆጠር ኖሮ ቤቱ ጠፍቷል፣ ሌላ ቤት ተተክቷል ይባል ነበር። ጎጃም ግን አንድ ቤት አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

የጎሹን ግቢ በቅርብ ያሳየን አንድ ፈረንሳዊ ነው። አርኖ ዳባዲና ወንድሙ አንቷን እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ገቡ። አባታቸው የፈረንሳይ ባስክ፣ እናታቸው አየርላንዳዊት፣ እነሱም የተወለዱት ደብሊን ነው። አንቷን ኮከብና ተራራ ሲለካ፣ ቋንቋ ሲያጠና፣ ብራና ሲሰበስብ፣ አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋር ተወዳጅቶ፣ አብሮ እየዘመተ፣ በግብር እየተቀመጠ ዓመታት አሳለፈ። በላይኛው ኢትዮጵያ ስላሳለፈው ዐሥራ ሁለት ዓመት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ የዘመቻው ወሬ አይደለም። አንድ ጌታ ከአሽከሩ፣ ከሚስቱ ወገን፣ ከገዛ ልጁ ጋር በየቀኑ እንዴት እየተደራደረ እንደሚያድር ማሳየቱ ነው።

ከልጃቸው ጋር የነበረው ድርድር ደግሞ አላማረም። ደጃዝማች ብሩ ጎሹ አባታቸውን ተዋግተዋል። ዝምድና መብት የሚሰጠውን ያህል ጠላትም ያፈራል፤ በአንድ አልጋ ላይ እኩል መብት ያለው ባላንጣ የሚወጣው ከገዛ ቤት ነውና። ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ (ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ) ጋር ሲዋጉ ወደቁ። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ካሳ አማታቸውን ራስ ዓሊን እዚሁ ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ድል አደረጉ፤ የዓሊ ልጅ ተዋበች የካሳ ሚስት ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ብሩ ተማረኩ፤ ከእስር የወጡት ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ነው።

ቴዎድሮስ ጎጃምን በእጃቸው አላደረጉትም። ከዚያው ቤት ሐረግ የሚመዙት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሸፍተው ምሥራቅ ጎጃምን እስከ ዘመናቸው ፍጻሜ ይዘው ቆዩ። ያኔ መንቆረር ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ደብረ ማርቆስ የቆረቆሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ደስታ ተድላ ቀጠሉ። በሌላ ወገን የጎሹ የልጅ ልጅ አዳል ተሰማ ተነሱ። ሁለቱም መብት ነበራቸው፤ ልዩነቱን የፈጠሩት አማቾች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ክሩን መቁጠር ያስፈልጋል። ከቴዎድሮስ ቀጥሎ የነገሡት የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ለአዳል ዳሩ። ራሳቸው ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ያገቡት የካሳ ምርጫን እኅት ድንቅነሽ ምርጫን ነው። ካሳ ምርጫ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ እኒህኑ የእኅታቸውን ባል ድል አድርገው ማረኩና ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። አዳል እንግዲህ በሚስታቸው ወንድም በኩል ወደ አንድ ንጉሥ፣ በእሳቸው ሚስት በኩል ወደሚቀጥለው ንጉሥ የሚያደርስ መንገድ ነበራቸው። ይህ ብቻውን አላነገሣቸውም፤ ደስታን ተዋግተው ማሸነፍ ነበረባቸው። ዮሐንስ ግን በጥር 1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲያደርጓቸው፣ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን የሚመዝን ሌላ ንጉሥ መፈለጋቸው እንጂ ጋብቻው ብቻ አልነበረም ምክንያቱ።

«የከፋ» የምትለዋ ቃል ወደ ባሶ ትመልሰናለች። ከፋ ከዓባይ ማዶ ብዙ ቀን ያስኬዳል፤ የባሶ ቡናና ዝባድ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። ምኒልክም የዚያኑ ንግድ መንገድ ይፈልጉ ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ሁለቱ ነገሥታት ጉዱሩ ምድር እምባቦ ላይ ገጠሙ። በራስ ጎበና የሚመራው ፈረሰኛ ቀኑን ለሸዋ አደረገው፤ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ዮሐንስ ገብተው አስታረቁ፣ ሁለቱንም ቀጡ። የደቡቡ ንግድ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሸዋ ዞረ። የባሶ ገበያ የቀድሞ ሞገሱን ያጣው፣ የጎጃም ቤትም አቅሙ የተሰበረው በዚያ ውጊያ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የቀረው ሁሉ የዚያ ውጤት ነው። በ1880 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት በሱዳን ደርቡሾች ሳር ውኃ ላይ ተሸነፉ። ዮሐንስ ከምኒልክ ጋር ዶልተዋል ብለው በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎጃምን በጦር አስመቱት፤ የአገሬው ሰው ያን ጊዜ በምሬት ሲያነሳው ኖሯል። ተክለ ሃይማኖት አድዋ ዘምተው በ1893 ዓ.ም. አረፉ።

የሚቀጥለው ሰው የዘር ፖለቲካን ከሁሉ ይልቅ ያወቀበት ነው። ምኒልክ የተክለ ሃይማኖትን ግዛት ከፋፈሉት፤ ልጃቸው ራስ በዛብህም ብዙ ሳይቆዩ በእስር ተይዘው ሞቱ። ከብዙ ማግደርደር በኋላ አገሩን ያገኙት ሥዩም የሚባሉት፣ ከሕግ ጋብቻ ውጭ የተወለዱት ልጅ ናቸው። ስማቸውን ለውጠው ኃይሉ ተባሉ፤ የወለተ እስራኤልን ልጅ ስም ወሰዱ ማለት ነው። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ በኋላ ሩብ ምዕት ያህል ጎጃምን እንደ ግል ርስታቸው አስተዳደሩ። ግብሩ ጠንካራ፣ ንግዱ ሰፊ፣ ሀብታቸው ስመ ጥር ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ጎበኙ፤ ፓሪስን አዩ።

አማችነትንም አልዘነጉም። ልጃቸውን ወይዘሮ ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ዳሩ። በጊዜው ከዚህ የተሻለ ጋብቻ አልነበረም፤ ኢያሱ የምኒልክ ወራሽ ናቸው። ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ግን ያ ጋብቻ ዕዳ ሆነ። በ1924 ዓ.ም. ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ተከሰሱ፤ ንብረታቸው ተወርሶ ታሰሩ። ጎጃምም ለራስ እምሩ ተሰጠ። ከውጭ የመጣ ሹም በዚያ ቤት ላይ ሲቀመጥ ለጎጃም ሰው ቀላል ነገር አልነበረም፤ ራስ እምሩ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ በስተጀርባቸው ያጋጠማቸውን ችግር ያለዚህ መረዳት ያስቸግራል።

በጣሊያን ዘመን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጋር ቆሙ። የወንድማቸው ልጅ፣ ልጅ ኃይሉ በለው ግን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ፣ ከጎጃም አርበኞች መሪዎች አንዱ ሆነው ከነጻነት በኋላ ራስ ተባሉ። እንዲህ ያለው ክፍፍል በየመሳፍንቱ ቤት የታየ ነው፤ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ቤቱ አይጠፋም። በ1933 ዓ.ም. የደብረ ማርቆስ የጣሊያን ጦር ወደ ዓባይ ሲሸሽ አርበኛው በላይ ዘለቀ መንገዱን አለመዝጋቱን የእንግሊዝ መኮንኖች ሲያስረዱ፣ ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ገብተውለት ነው ብለው ጽፈዋል። ጠላት ያመለጠባቸው ጸሐፊዎች ናቸውና ወሬውን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. ሲሰቀል ግን ከራስ ኃይሉ ወገን የሆነው ማሞ ኃይሉ አብሮት ተሰቅሏል። አርበኛና የባላባት ልጅ በአንድ ቀን፣ በአንድ ፍርድ።

ይህን ሁሉ ሐረግ ለማወቅ ከሚረዱን ጽሑፎች ዋናው የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ነው። አለቃ የተወለዱት ከዓባይ ማዶ በኦሮሞ ምድር ነው፤ በልጅነታቸው ተማርከው ጎጃም ገቡ፣ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ግቢ አደጉ፣ ሠዓሊና ጸሐፊ ሆኑ። የጎጃምን ትውልድ ቤት በቤት፣ አባት በአባት መዝግበው ያቆዩልን፣ ከመሳፍንቱም አልፈው ተራውን ባለ ርስት የቆጠሩት፣ በደም ከዚያ ቤት አንዳች የማይወርሱት እኒህ ሰው ናቸው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የማንንም ወገን አጥብቀው ሳይዙ የጻፉት።

ከባለ ርስቱ ወገን የመጨረሻው ትልቅ ጩኸት የተሰማው በ1960 ዓ.ም. ነው። መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲያወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካና ሊነጠቅ ነው ብሎ በየወረዳው ተነሳ፤ ጦርና አውሮፕላን ተላከበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሲያደርግ ርስት ቀረ። ትውልድ መቁጠር ለሰባት ቤት ካልሆነ በቀር ጥቅም ያጣ መሰለ። በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ግን ቆጠራው በሌላ መልኩ ተመለሰ። በየቀበሌው ማን ምን ሹመት ነበረው ተብሎ ተጠየቀ። የደርግ ሹማምንት የነበሩት «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞ ባላባቶችና ሹሞች «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ተለዩ። ሌላው ገበሬ ከዚያ በላይ መያዝ ሲችል፣ ለእነሱ የተተወላቸው ቢበዛ አራት ጥማድ ነበር።